ያገለገለ ስልክ ሲገዙ፦ ከካሜራው በፊት ባለቤትነቱን ማጣራት

ያገለገለ ስልክ ለመግዛት ከሻጭ ጋር የተቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ካሜራውን ከፍቶ ፎቶ ማንሳት ነው። ቀጥሎ ስልኩን እያገላበጠ ጭረት ይፈልጋል፣ ሜሞሪው ስንት ጊጋባይት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከዚያም ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። እነዚህ ሁሉ መታየት ያለባቸው ነገሮች ናቸው፤ ስህተቱ ያለው ቅደም ተከተላቸው ላይ ነው። ካሜራው ደብዛዛ ቢሆን ችሎ መኖር ይቻላል፤ ስልኩ በሌላ ሰው አካውንት የተቆለፈ ከሆነ ግን ጨርሶ አይሠራም፤ አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ መላክ ካቆመ ዓመታት ያለፉት ከሆነም የባንክ አፕ ሊጫንበት አይገባም። ስለዚህ እዚህ የምገልጸው ምርመራ ከተለመደው የተገለበጠ ነው፦ መጀመሪያ ስልኩ በእርግጥ የማን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው፣ መልኩና ካሜራው ደግሞ በመጨረሻ።

ይህን ቅደም ተከተል የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገዛሁት ስልክ አንድ ወር ያህል ያለ አንዳች እንከን አገለገለኝ። ኋላ መንቀራፈፍ ሲያበዛ በኮምፒውተር በኩል ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩት፤ ተመልሶ ሲነሣ ግን የማላውቀውን የኢሜይል አድራሻ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ አሳይቶ፣ የቀረውን በነጠብጣብ ሸፍኖ፣ የዚያን አካውንት የይለፍ ቃል እንዳስገባ ጠየቀኝ። አፕ የማወርድበት አካውንት የእኔ ስለነበረ የስልኩም ዋና አካውንት የእኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የቀድሞው ባለቤት ከስልኩ አልወጣም ኖሯል። ሻጩ የሰጠኝን ቁጥር ደጋግሜ ደወልኩ፤ አልሠራም። ያ ስልክ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል።

ስልኩ የማን ነው?

አፕል አክቲቬሽን ሎክ የተባለውን መቆለፊያ ከአይኦኤስ 7 (አይኦኤስ የአይፎን ሲስተም ስም ነው) ጋር ያመጣው በ2013 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉግልም በ2015 ከአንድሮይድ 5.1 ጋር ተመሳሳይ መቆለፊያ አስከተለ። የሁለቱም ዓላማ የተሰረቀ ስልክ ውስጡ ያለው ሁሉ ቢደመሰስ እንኳ ለሌባው እንዳይጠቅም ማድረግ ነው፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። የአይፎኑ መቆለፊያ የተመዘገበው አፕል ዘንድ ባለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ስልኩ ከተደመሰሰ በኋላ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ካላገኘ ሥራ አይጀምርም። የአንድሮይዱ ደግሞ ሪሴት፣ ማለትም ስልኩን ሙሉ በሙሉ መደምሰስ፣ በማይነካው የስልኩ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ በተለይ ስልኩ ከሴቲንግ ውጭ በጎን ቁልፎቹ በኩል ሪሴት ሲደረግ ብቅ ይላል። በሁለቱም ዘንድ ትክክለኛው መክፈቻ የባለቤቱ አካውንት ነው። «በርካሽ እናስከፍትልዎታለን» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ፣ ለመክፈት ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሳይከፍተው ለምን እንደሚሸጠው ራስዎን ይጠይቁ።

ምርመራው የሚካሄደው ገንዘቡ ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት፣ ሻጩ ፊት ለፊትዎ ተቀምጦ ሳለ ነው። ስልኩ አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ሲከፈት ከሁሉ በላይ የሚታየው የባለቤቱ ስም ነው፤ ሻጩ ራሱ ያንን ነክቶ፣ እስከ ታች ወርዶ፣ ከአካውንቱ እንዲወጣ ይጠይቁት። ስልኩ በዚህ ጊዜ የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል። ይህች ቅጽበት ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ብዙ ትነግርዎታለች፤ እውነተኛው ባለቤት ቃሉን ጽፎ ይወጣል፣ ወይም ረስቶት ከሆነ እዚያው ያስለውጣል፤ የሌላ ሰው ስልክ የያዘ ሰው ግን «ወንድሜ ነው የሚያውቀው»፣ «ኔትወርክ እምቢ አለ»፣ «ቤት ሄጄ ልላክልዎ» ማለት ይጀምራል። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ አካውንቶች የሚለው ገጽ ላይ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ እንዲያስወግድ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ከሴቲንግ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይደምሰስ።

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፦ ስልኩ ተነሥቶ በልዩ ልዩ ቋንቋ ሰላምታ ሲያሳይ «ንጹሕ ነው» ብሎ ይከፍላል። የሰላምታው ገጽ ምንም አያረጋግጥም፤ መቆለፊያው የሚታወቀው ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ነው። የራስዎን ስልክ ሆትስፖት ከፍተው ያገናኙትና፣ የራስዎን አካውንት እስከሚጠይቅበት ገጽ ድረስ ገጾቹን ይለፉ። እዚያ ሳይደርሱ «ቀድሞ በዚህ ስልክ ላይ የነበረውን አካውንት ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ንግዱ አብቅቷል። «ይህ ስልክ የሚተዳደረው በድርጅት ነው» የሚል ማስታወቂያ ከመጣም እንዲሁ ነው፤ ስልኩ ለሠራተኛ የተሰጠ የድርጅት ንብረት ሊሆን ይችላል፣ ድርጅቱም በፈለገ ጊዜ ከርቀት ሊቆልፈው ወይም ሊደመስሰው ይችላል።

የአንድሮይድ ስልክ ጠፍቶ ሲነሣ ደግሞ ዓይንዎን ከስክሪኑ አይንቀሉ። ከአምራቹ ዓርማ በፊት ወይም አብሮ፣ ሲስተሙ ትክክለኛ መሆኑ ሊረጋገጥ እንደማይችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ካለ፣ የስልኩ ቡትሎደር፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ጥበቃው ተከፍቷል ማለት ነው። ይህን አውቀው ለራሳቸው ጉዳይ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ከማያውቁት ሰው በተገዛ ስልክ ላይ ግን ውስጡ ምን እንደተጫነ ለማወቅ መንገድ የለዎትም፣ ብዙ የባንክ አፖችም በእንዲህ ያለ ስልክ ላይ ለመሥራት እምቢ ይላሉ።

ቀጥሎ የስልኩ መለያ ቁጥር አለ። በመደወያው ላይ *#06# ሲጽፉ አይኤምኢአይ የተባለው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ይወጣል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞች የስልኩን ሞዴል የሚያመለክቱ ሲሆን፣ የመጨረሻው ከቀደሙት ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። ቁጥሩን ሴቲንግ ውስጥ ካለው፣ ካርቶኑ ካለም ካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። በዚህ ቁጥሩ በስርቆት የታገደ ስልክ በዋይፋይ እንደ ልብ ሊሠራ ይችላል፤ የሚታወቀው የቴሌኮም ኔትወርክ ሳይቀበለው ሲቀር ነው። ስለዚህ የራስዎን ሲም አስገብተው ይደውሉ፣ ወደ እርስዎም ያስደውሉ። እገዳው ከሽያጩ በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ደረሰኙ ላይ ያ ቁጥር፣ ቀኑና የሻጩ ሙሉ ስም እንዲጻፍ ያድርጉ። «ዕቃው የስልክ ቀፎ 1» የሚል ደረሰኝ ምንም አያስረዳም።

የቀረው ዕድሜ

ባለቤትነቱ ከተጣራ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አምራቹ ለዚህ ሞዴል እስከ መቼ ማሻሻያ ይልካል የሚለው ነው። በእኔ ግምት ያገለገለ ስልክ ዋጋ መተመን ያለበት በዚህ ነው፤ ገበያው ግን ስለዚህ ጉዳይ ጨርሶ አያነሣም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በስልክ ሶፍትዌር ውስጥ የደህንነት ክፍተት በየጊዜው ይገኛል፤ ጉግል ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ለአንድሮይድ በየወሩ መድፈኛ የሚያወጣውም ለዚህ ነው። መድፈኛው ይፋ በሆነ ቀን ግን ክፍተቱ የት እንደነበር አጥቂውም ያውቃል፤ መድፈኛው ያልደረሰው ስልክ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀድሞው የበለጠ ይጋለጣል። በኮምፒውተር ዓለም የታየው ምሳሌ የታወቀ ነው፦ ማይክሮሶፍት አንድን የዊንዶውስ ክፍተት የደፈነው በመጋቢት 2017 ሲሆን፣ ያንኑ ክፍተት የተጠቀመው ዋነክራይ የተባለ፣ ኮምፒውተር ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም በግንቦት ወር መጥቶ ማሻሻያውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮችን በብዙ አገር ቆለፈ። በመካከል የነበረው ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ነው። ማሻሻያ ካቆመ ሁለት ዓመት የሞላው ስልክ በዚህ ሚዛን የት እንደሚገኝ ማሰብ አያዳግትም።

በአንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ከፍተው ስለ ስልኩ በሚለው ገጽ፣ የአንድሮይድ ስሪቱ በተጻፈበት አካባቢ የደህንነት ማሻሻያውን ቀን ያገኛሉ። ቀኑ ካለፉት ሁለት ሦስት ወራት ውስጥ ከሆነ መልካም ነው። ዓመት ያለፈው ከሆነና «ማሻሻያ ፈልግ» ሲሉት ምንም የለም ካለ፣ አምራቹ ስልኩን ትቶታል ብለው መያዝ ይችላሉ። የድጋፉ ዘመን የሚቆጠረው ሞዴሉ ለገበያ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም፤ ከነፕላስቲኩ የተገዛ አዲስ ስልክ እንኳ ሞዴሉ የቆየ ከሆነ ዕድሜው ያለቀ ሊሆን ይችላል። ቃል የተገባው ዘመንም ከሞዴል ሞዴል በእጅጉ ይለያያል። በ2021 የወጣው የጉግል ስልክ ፒክስል 6 የ5 ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ቃል ሲገባለት፣ በ2023 የወጣው ፒክስል 8 እና በ2024 የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ቃል ተገብቶላቸዋል። አይፎንም ረጅም ዘመን ይደገፋል፤ በ2015 የወጣው አይፎን 6ኤስ በ2021 የወጣውን አይኦኤስ 15 አግኝቷል። ርካሽ ሞዴሎች በአብዛኛው ከዚህ ያነሰ ነው የሚሰጣቸው፤ የሚፈልጉትን ሞዴል በስሙ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ማጣራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለት ስልኮች በአንድ ዋጋ ቢቀርቡልኝ፣ አንዱ በጊዜው ውድ የነበረና ድጋፉ ሊያበቃ የተቃረበ፣ ሌላው መካከለኛ ደረጃ ያለውና ገና አራት ዓመት የሚቀረው ቢሆን፣ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። በሜጋፒክስል ብዛት ሐሳቤን የሚያስለውጠኝ የለም፤ 108 ሜጋፒክስል የተባሉ ብዙ ካሜራዎች እንኳ በተለመደው አሠራር ዘጠኝ ዘጠኙን ነጥብ አንድ አድርገው የሚሰጡት ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው። ዘመኑ ያለፈበት ስልክ ግን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሙዚቃ ለማዳመጥ፣ ለልጅ ጨዋታ፣ ለመንገድ ካርታ ይሆናል፤ ኢሜይልና ባንክ እስካልገባበት ድረስ።

ባትሪና የቀረው አካል

ባትሪ ሁሉ ያረጃል። አፕል አይፎን 14ና ከዚያ በፊት የነበሩት ሞዴሎች ባትሪ ከ500 ሙሉ ዙር በኋላ፣ የአይፎን 15 ደግሞ ከ1000 ዙር በኋላ የመጀመሪያ አቅሙን 80 በመቶ እንዲይዝ ተደርጎ እንደተሠራ ይገልጻል። አንድ ዙር ማለት አንድ ጊዜ መሰካት ማለት አይደለም፤ ዛሬ 50 በመቶ፣ ነገም 50 በመቶ ቢጠቀሙ ሁለቱ ተደምረው አንድ ዙር ይሆናሉ። በአይፎን ላይ የባትሪው ጤንነት ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ በሚለው ገጽ ይገኛል። በአንድሮይድ ላይ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ፣ እኔ የማደርገው መቶኛውን አይቼ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጌ፣ ከሻጩ ጋር እየተነጋገርን ቪዲዮ ለ15 ደቂቃ እንዲጫወት መተው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ፣ ወይም ከ40 ወደ 28 ዘሎ ከወደቀ፣ ባትሪው መቀየር አለበት። የደከመ ባትሪ ስልኩን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ማስቀነስ ነው። ያበጠ ባትሪ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ስልኩን በዝርግ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ሲያስተኙት ካሜራው ወጣ ያለ ስለሆነ ሳይሆን ጀርባው ስላበጠ ከተንገዳገደ፣ ወይም ስክሪኑ በጠርዙ በኩል ከቀፎው ፈቀቅ ብሎ ከታየ፣ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በእጅዎ ተጭነው ለማስተካከል ሳይሞክሩ ይመልሱት።

የቀረው ምርመራ ፈጣን ነው። ሙሉ በሙሉ ነጭ ወይም ግራጫ የሆነ ምስል ከፍተው የኪቦርድ ወይም የአዝራር ጥላ ስክሪኑ ላይ ታትሞ ቀርቶ እንደሆነ ይዩ። አንድ የአፕ ምልክት በጣትዎ ይዘው ስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ ያካልሉት፤ በመንገድ ላይ ከእጅዎ ካመለጠ ያ ቦታ ንክኪ አይቀበልም። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ *#0*# የተሟላ የመፈተሻ ገጽ ይከፍታል። ድምፅዎን ቀድተው መልሰው ያዳምጡ፣ የቻርጀሩን ገመድ ሰክተው በቀስታ ነቅነቅ ያድርጉት፣ የሲም ማስገቢያውን አውጥተው ቀዳዳው ውስጥ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። በአይፎንና በብዙ ሌሎች ስልኮች ላይ እዚያ ውስጥ ያለችው ነጭ ምልክት ቀልታ ከተገኘች ስልኩ ውኃ ነክቶታል።

ሻጩ «መርቄልዎታለሁ» ብሎ የሚሰጠውን ሜሞሪ ካርድ በጥርጣሬ ይቀበሉ። አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ትንሽ ካርድ ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲናገር ያደርጉታል፤ ፎቶዎቹ የሚገቡ ይመስላሉ፣ እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የገባው ሁሉ ግን ተመልሶ አይከፈትም። ካርዱን ሞልተው መልሰው የሚያነቡ ነጻ የመፈተሻ ፕሮግራሞች አሉ፤ አስፈላጊ ነገር ከማስቀመጥ በፊት አንዱን ማሄድ ነው። ኮምፒውተር ላይ ባለ 1 ቴራባይት ማስቀመጫ 931 ጊጋባይት ብሎ ቢታይ ግን ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት

ቤት እንደደረሱ አካውንትዎን ለማስገባት አይቸኩሉ። ስልኩ ሻጩ ፊት ተደምስሶ ከዚያ ወዲያ ከእጅዎ ካልወጣ ይበቃል፤ ለአንድ አፍታም ቢሆን «ሁሉን ላስተካክልልዎ» ብሎ ከወሰደው ግን እንደገና ይደምስሱት። ቀጥሎ ያሉትን ማሻሻያዎች በሙሉ ይጫኑ፣ ሌላ የለም እስኪል ድረስ ደጋግመው ይፈልጉ፤ ኢሜይልዎ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

መክፈቻው ቢያንስ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ይሁን። ባለ 4 አኃዝ 10,000 አማራጭ ብቻ ሲኖረው ባለ 6 አኃዝ 1,000,000 አለው፤ በጣት የሚሣለው ፓተርን ደግሞ ከትከሻዎ በላይ ለሚያይ ሰው ይበልጥ ግልጽ ነው፣ አንዳንዴም የጣት ወዙ ራሱ ስክሪኑ ላይ መንገዱን ያሳያል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሲም ካርዱን ፒን፣ ማለትም ሲሙ ራሱ የሚጠይቀውን መክፈቻ ቁጥር ነው። ስልክዎ በመቆለፊያ ቢጠበቅም ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ቢከት በኤስኤምኤስ የሚላኩልዎን የማረጋገጫ ቁጥሮች ይቀበላል። የሲም ፒን ይህን ይከለክላል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ፒዩኬ የተባለውን ቁጥር ስለሚጠይቅ፣ እርሱንም አሥር ጊዜ ከተሳሳቱ ካርዱ ለዘለቄታው ስለሚዘጋ፣ ፒዩኬው ያለበትን ካርድ ከስልኩ ራቅ ባለ ቦታ ያስቀምጡ።

ለኢሜይልዎና ለሌሎች ዋና ዋና አካውንቶች የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ቁጥር የሚጠይቀውን ጥበቃ፣ ያብሩ። የሚቻል ከሆነ ከኤስኤምኤስ ይልቅ ቁጥር የሚያመነጭ አፕ ይመረጣል፤ ቁጥሩ በየ30 ሰከንዱ ይለወጣል፣ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፣ ሌላ ሰው በስምዎ ሲም ቢያወጣም አይሰረቅም። ኤስኤምኤስ ብቻ ካለ እርሱም ከምንም ይሻላል። ሲያበሩት የሚሰጡዎትን የመጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ይጻፏቸው፤ ስልኩ ውስጥ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ስልኩ የጠፋ ቀን አይጠቅምም። ጸረ ቫይረስ መግዛት ያስፈልጋል ወይ ለሚል ጥያቄ የእኔ መልስ አያስፈልግም ነው፤ ማሻሻያ የሚደርሰውና አፖቹ ከዋናው የአፕ መደብር ብቻ የሚመጡለት ስልክ ዋናውን ጥበቃ አግኝቷል። በቴሌግራም የተላከልዎን የአፕ ፋይል ከጫኑበት በኋላ ግን ጸረ ቫይረሱ ብዙም አይረዳዎትም።

አሮጌውን ስልክዎን በምትኩ የሚሸጡ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ወደ እርስዎ ይዞራል። ከምንም በፊት ቁጥር አመንጪውን አፕ ወደ አዲሱ ስልክ ያሸጋግሩና በአንድ አካውንት ገብተው መሥራቱን ይፈትኑት፤ ይህን ሳያደርጉ ስልኩን የደመሰሱ ሰዎች ከገዛ ኢሜይላቸው ውጭ ቆመው ቀርተዋል። ከዚያ ከአካውንቶችዎ ይውጡ፣ ቀጥሎም ከሴቲንግ ውስጥ ይደምስሱት። ከ2019 ወዲህ ከአንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በኋላ ካለ ስሪት ጋር ለገበያ የቀረቡ ስልኮች ሁሉ፣ አይፎኖችም ጭምር፣ መረጃውን በምስጢር ቁልፍ አመስጥረው ስለሚያስቀምጡ፣ ሲደመሰሱ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል፣ የቀረውም ሊነበብ አይችልም። ከዚያ የቆየ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ስልኩን የማመስጠሪያውን ምርጫ ፈልገው ካበሩ በኋላ ይደምስሱት። ሲሙንና ሜሞሪ ካርዱን ያውጡ፤ ሪሴት ሜሞሪ ካርዱን ላይነካው ይችላል። ስልኩን አስረክበው ከተመለሱ በኋላም በአዲሱ ስልክዎ ላይ አካውንትዎን ከፍተው የመሣሪያዎችን ዝርዝር ይመልከቱ፤ የሸጡት ስልክ ስም አሁንም እዚያ ከተቀመጠ ከዝርዝሩ ያስወጡት።